«ወንድሜ ሲቀመጥበት በግ ነው፣ ልጄ ስትወጣበት ያብዳል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ሰፈራችን ወደ ጥቁር ውኃ መውጫ ነው፤ ግቢያችን ሰፋ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ለ10 ዓመት ልጃችን አጠር ያለ ፈረስ ገዛላት። መልኩ ቡላ ስለሆነ ስሙንም ቡላ አለችው (እዚህ አገር ቡላ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ገንፎው ነው፣ እሱም ያስቃታል)። ሲሸጥልን 4 ዓመቱ ነው፣ የዋህ ነው ተብለን ነው። እውነትም መሬት ላይ ሆና ስትስበው፣ ስታጥበው፣ ስታበላው ምንም ችግር የለውም። ስትወጣበት ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ኮርቻውን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። ሆዱ ላይ ሲታሰር ሊነክስ ይዞራል። በተረከዟ ስትነካው ወይ ድርቅ ብሎ ይቆማል ወይ ይራገጣል። መንገድ ዳር ሰው ቆሞ ካየ ደግሞ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ ቀጥ! ሁለት ጊዜ ጥሏታል። የሚገርመኝ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሲቀመጥበት በግ ነው። ጎረቤት «ፈረስ ሰው ያውቃል፣ ልጅ መሆኗን አይቶ ንቋት ነው፣ ግረፉት» ይላል። አንዷ ደግሞ ዓይን በልቶት ነው ብላ ክታብ ልታመጣልን ነበር። ባለቤቴ ሊሸጠው ተነሥቷል፣ ልጄ እያለቀሰች ነው። ምን ይሻለናል?

የቡላ ቤተሰብ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አለንጋውን አስቀምጡት። ክታቡም ይቆይ። ደብዳቤሽ ውስጥ የመልሱ ግማሽ አለ፣ ቁልፉም ወንድምሽ ነው። አንድ ፈረስ ለአንዱ ገር ሆኖ ለሌላው ሲያስቸግር ሰው ሁሉ ስለ ጠባዩ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔ ግን ከተቀመጠው ሰው ሌላ ምን ምን ይለያያል ብዬ ነው የምጀምረው። መልሼ ጥያቄ የላኩብሽም ለዚህ ነው።

የመለስሽልኝን አንባቢም ይስማ። ወንድምሽ የሚቀመጠው ጆንያ ጣል አድርጎ ነው፣ ኮርቻ የለም። ልጅሽ የምትወጣው ከሻሸመኔ ገበያ በተገዛ የአዋቂ ኮርቻ ነው። እሱ የሚጋልበው ጠዋት፣ ፈረሱ ሣር ሲግጥ ቆይቶ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት መልስ 10 ሰዓት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ፉርሽካና ገብስ ሲበላ ውሎ ነው። እሱ «ቼ!» ይለዋል እንጂ በእግሩ አይነካውም። እሷ ቪዲዮ ላይ እንዳየችው በተረከዟ ትመታዋለች፤ ስትፈራ ደግሞ ዛቡን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። እንግዲህ ፈረሱ የናቀው ልጅቷን ነው ብለን በምን እንፍረድ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሻል ይህ ነው፤ እዚህ ቤት ግን ጥፋቱ ያለው ምናልባት ዳውላው ላይ ነው።

ከኮርቻው እንጀምር፣ ምክንያቱም ገና ሳትወጣበት ጆሮውን የሚለጥፈው እሱን ሲያይ ነው። ፈረስ አፍ የለውም፣ ያመመውን የሚናገረው በጆሮው፣ በጭራውና በእግሩ ነው። ዶክተር ሱ ዳይሰን የምትባል እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2018 (በፈረንጆቹ) ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ተቀምጦበት እያለ ሕመም ያለበት ፈረስ የሚያሳያቸውን 24 ምልክቶች ዘርዝራለች። ጆሮን ወደ ኋላ ለጥፎ መቆየት፣ ጭራን ደጋግሞ መወንጨፍ፣ አፍን መክፈት፣ አልሄድም ማለት፣ መራገጥ፣ ሳይታሰብ መቆም፣ እነዚህ ሁሉ አሉበት። ከ24ቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ አጥንቱን፣ ጡንቻውን ወይም መገጣጠሚያውን ያመዋል ብሎ መጠርጠር ይገባል ትላለች። አንቺ በአንድ ደብዳቤ ብቻ የጻፍሽልኝን ስቆጥር አራት አገኘሁ፤ ቁጭ ብለሽ ብትመለከቺው ስንት እንደሚሆን እንጃ።

የራሴን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ አርሲ ውስጥ የአያቴ ፈረስ ይጥለኝ ነበር። ኮርቻው ባዶውን ሲጫን ዝም፤ ልክ ስቀመጥበት ሽቅብ! አያቴ «አንተ ነህ የማትችለው» ብሎ ስንት ወር ሳቀብኝ መሰለሽ። በኋላ ኮርቻው ለእድሳት ሲፈታ እንጨቱ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ተገኘ። ባዶ ሲሆን ስንጥቁ ይገጥማል፣ ክብደት ሲያርፍበት ተከፍቶ ቆዳውን ይቆነጥጠዋል። ስለዚህ የናንተን ኮርቻ ገልብጪና በእጅሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ዳብሺው። የተሰነጠቀ እንጨት፣ የወጣ ሚስማር፣ ተጠቅልሎ የጠጠረ ጥጥ ፈልጊ።

ከዚያ ወደ ጀርባው። ሁለት ጣትሽን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ በአከርካሪው ግራና ቀኝ እየተጫንሽ ሂጂ። የሚሸሽበት፣ ቆዳውን የሚያርገበግብበት፣ ዞሮ የሚያይበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጊበት። ገጣባ ባይኖርበት እንኳ ነጭ ጠጉር ብቻውን በቅሎ ካየሽ፣ እዚያ ላይ ድሮ ኮርቻ ወይም ጭነት ጎድቶት ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ካላበው በኋላ ኮርቻውን አውርደሽ ላቡን እይው፤ ዙሪያው ረጥቦ መሀሉ ላይ ደረቅ ክብ ከቀረ ኮርቻው በብዛት የሚጫነው እዚያ ነው። የአዋቂ ኮርቻ ለአጭር ፈረስ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፣ ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ወገቡ ላይ ያርፋል። ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ትከሻውን ይይዘዋል። (በነገራችን ላይ ፈረንጆች ፖኒ የሚሉት ቁመቱ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን ነው፤ በዚህ መለኪያ የአገራችን ፈረስ አብዛኛው ፖኒ ነው።) የሆዱንም ማሰሪያ በአንዴ አንቆ ማሰር ይቅር። መጀመሪያ ላላ፣ ትንሽ አራምደሽው ጠበቅ፣ ልትወጣ ስትል እንደገና ጠበቅ።

አፉንም አትርሺ። ሲሸጥላችሁ እውነት 4 ዓመቱ ከነበረ አሁንም ጥርስ እየቀየረ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻዎቹ የፊት ጥርሶች የሚቀየሩት 4 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ሙሉ የሚሆነው 5 ላይ። የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ ደግሞ እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ሊቆርጠው ይችላል። ሲበላ ግማሽ የታኘከ ሣር እየጠቀለለ የሚጥል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ልጓሙ የአገር ቤቱ፣ የታችኛውን መንጋጋ የሚይዝ ቀለበት ያለው ዓይነት ነው ብለሽኛል። እሱ በለመደ እጅ ካልሆነ ከባድ ነው፤ የፈራች ልጅ ስትንጠለጠልበት አስቢው። ተረከዟ «ሂድ» ይላል፣ እጇ «ቁም» ይላል። እኔም ብሆን እራገጣለሁ! ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለው፣ በአቅራቢያሽም የእንስሳት ጤና ባለሙያ አይጠፋም። ጀርባውን፣ አፉንና ሰኮናውን አንድ ጊዜ ያሳዩት፣ ገንዘቡ ለሌላ ኮርቻ ከሚወጣው አይበልጥም።

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል ልምጣ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሲያይ ጠጋ ብሎ ቀጥ ይላል ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እህቴ፣ ፈረስሽ ተሳፋሪ እየጫነ ነው! «የዋህ ነው» የተባላችሁት ፈረስ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ይመስለኛል። ደረቱንና ጎኖቹን እይ፤ ጠጉሩ የሳሳ ወይም ቆዳው የጠነከረ መስመር ካለ የጋሪው ማሰሪያና የግራ ቀኙ እንጨት የሠሩት ነው። ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም። የጋሪ ፈረስ ትእዛዝ የሚሰማው ከኋላው፣ በድምፅ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸው በጎን ይከለላል፣ ስለዚህ ከጎኑና ከጀርባው የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት አልለመደም። ጎኑን በእግር የነካው ሰው የለም። ልጅሽ በተረከዟ ስትመታው «ሂድ» ማለቷ እንደሆነ በምን ይወቅ? ለሱ አንድ ነገር ጎኑን ወጋው፣ በቃ። ወንድምሽ ግን «ቼ» ይለዋል፣ የሚያውቀውን ቋንቋ። ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ይህ ደግሞ በትዕግሥት የሚስተካከል ነው። ወንድምሽ በገመድ ይዞት ልጅቷ ትቀመጥ፣ ለጊዜው ያለ ኮርቻ፣ እንደሱ በጆንያ። መጀመሪያ እግሯን ለስለስ አድርጋ ታስጠጋ፣ ወዲያው «ቼ» ትበል። አንድ እርምጃ እንደተራመደ እግሯን ትልቀቅ፣ አንገቱን ታሻሸው። ለመቆም «ቁም» ትበል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዛቡን በቀስታ። በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ከቀናት በኋላ እግሯ እንደተጠጋ፣ ገና «ቼ» ሳትል ሲራመድ ታይዋለሽ። ሶምሶማው ይደርሳል፣ ደንገላሳውማ ይቆይ።

ቀለቡ ላይ አጭር ነገር። ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እንዲግጥ የተፈጠረ ነው፣ ጨጓራውም አሲድ ማመንጨት አያቆምም። ታስሮ ውሎ ገብስ ከበላ ጉልበቱ የሚወጣው በልጅሽ ላይ ነው። ገብሱን ቀንሺ፣ ሣር አብዢ፣ ከመጋለቧ በፊትም ትንሽ ሣር ይብላ፣ ባዶ ሆድ አይሁን። ከመውጣቷ በፊት በገመድ ይዛችሁ ግቢውን ሁለት ሦስት ዙር አዙሩት።

አደራ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጡ። ይህን ሳምንት ኮርቻውን ብቻ ተዉት፣ ሌላው እንዳለ ይሁን። ተረጋጋ? ከኮርቻው ነበር። አልተረጋጋም? ቀጥሎ ተረከዙን በ«ቼ» ለውጡ። እንዲህ ካልሄዳችሁ ምን እንደፈወሰው ሳታውቁት በወሩ ይመለሳል። ደግሞም ቡላ የተኮላሸ መሆን አለመሆኑን አልነገርሽኝም። ድንጉላ ከሆነ የምመልስልሽ ሌላ ነው፣ ለ10 ዓመት ልጅ አይሆንም። እስከዚያው ያለ ሄልሜት አትውጣ፣ ሌላ ከጠፋ የብስክሌቱም ከባዶ ራስ ይሻላል። ጫማዋ ተረከዝ ይኑረው፣ እርካቡ ውስጥ እግሯ አልፎ እንዳይቀረቀር።

ጥያቄ፦ እኛ አዳማ ነን። የልጄ ፈረስ ከቤት ስናወጣው እግሩን ይጎትታል፣ ፊታችንን ወደ ቤት ስናዞር ግን ልጁን ይዞ ይፈተለካል። ጎረቤት አንዲት ባዝራ (ሴት ፈረስ) አለች፣ ቀኑን የሚውሉት ጎን ለጎን ነው። ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ብሎናል።

የአንድ ልጅ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤነኛ ከሆነ ነገሩ ናፍቆት ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፣ ብቻውን መውጣት ያስጨንቀዋል። በዚያ ላይ ቤት ሲደርስ ምን ያገኛል? ልጅህ ይወርድለታል፣ ኮርቻው ይነሣለታል፣ ገብሱ ይቀርብለታል። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። እንግዲህ ገበያውን ገልብጡበት። ሥራው ደጃፋችሁ ላይ ይሁን፤ እዚያ ክብ ይዙር፣ ይቁም፣ ይመለስ። ዕረፍቱና ጥቂት ሣር ደግሞ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይሁን። ቤት እንደደረሰ ገብሱን አትስጡት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሲመለስ ፍጥነት ከጨመረ ልጁ ዛቡን እየጎተተ አይታገለው፤ ወደ ጎን አዙሮ ክብ ያስኪደው፣ ሲረጋጋ ብቻ ወደ ቤት ፊቱን ይመልስለት። መጀመሪያ ሰሞን መንገዱ አጭር ይሁን፣ 50 እርምጃም ቢሆን ሳይረበሽ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትጨምራላችሁ። የባዝራዋ ባለቤት ፈቃደኛ ከሆነ ለጥቂት ቀን አብረው ይውጡ። የአዳማን ፀሐይ አንተው ታውቀዋለህና ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት።