«የማዕበል ወታደሮች» ወይስ «አጥቂ ጦር»?

ጥያቄ፦ ለእህቴ ልጆች ብዬ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞችን ንግግር በአማርኛ እየተረጎምኩ ከምስሉ ግርጌ እጽፋለሁ። ነጭ ጥሩር የለበሱትን «ስቶርምትሩፐር» የሚባሉ ወታደሮች «የማዕበል ወታደሮች» አልኳቸው። ጓደኛዬ ደግሞ «አለባበሳቸው የናዚ ነው፤ ናዚዎች ብትላቸው ይቀላል» ይለኛል። የቱ ያስኬዳል?

መልስ፦ የእርስዎም የጓደኛዎም ሐሳብ መነሻ አለው። እኔ ግን ሁለቱንም ቃላት አልጠቀምም።

ከ«ማዕበል» እንጀምር። «ስቶርም» በእንግሊዝኛ ማዕበል ወይም ወጀብ መሆኑ እውነት ነው። ወታደር ሲናገረው ግን ምሽግ ጥሶ መግባት ማለት ይሆናል። የጀርመንኛው «ሽቱርም»ም ሁለቱንም ፍቺ ይዟል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የተመረጡ ወታደሮችን በትንንሽ ቡድን እያደራጁ የጠላትን ምሽግ ያስጥሱ ነበር። «ሽቱርምትሩፐን» ይሏቸዋል። በኋላ ናዚዎች ይህንን ቃል ወረሱት። እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው፣ ቡናማ ሸሚዝ እየለበሰ ተቃዋሚዎችን በየመንገዱ ይደበድብ የነበረው ክንፋቸው «ሽቱርምአብታይሉንግ» ይባል ነበር። በአማርኛ አጥቂ ክፍል እንደ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ማዕበል ከጦር ጋር ሲነሳ የምናስበው ብዛትን ነው። «የሰው ማዕበል» ሲባል ሁላችንም የምናየው ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ ሲጎርፍ ነው። ጀርመንኛው ደግሞ የተመረጡ ጥቂቶችን ይላል። ስለዚህ «የማዕበል ወታደሮች» ቃሉን መለሰ እንጂ ነገሩን ገለበጠው። የመጀመሪያውን ፊልም መክፈቻ ያስታውሱ። ነጭ ለባሾቹ የመርከቧን በር አፈንድተው፣ እየተኮሱ ይገባሉ። ይህ ማጥቃት ነው። «አጥቂ ጦር» ቢሏቸው ልጆቹም ወዲያው ይገባቸዋል። «ፈጥኖ ደራሽ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ አድማጩን ወደ ፖሊስ ይወስደዋል።

ወደ ጓደኛዎ ልምጣ። ዓይናቸው አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም ልብስ ያዘጋጀው ጆን ሞሎ የወታደር ልብስ ታሪክ አዋቂ ነበር። የመኮንኖቹ ግራጫ ኮት፣ ረጅም ቦቲና ቆብ የጀርመን ጦርን ያስታውሳል። የፊልሙ ዋና ክፉ ገጸ ባሕርይ የዳርዝ ቬደር የራስ ቁር ከጃፓን ሳሙራይም፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ከደፉት የብረት ቆብም የወሰደው አለው። ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ክፉውን በልብሱ እንዲለይ ታስቦ ነው። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ መለዮ። ከ«ለየ» የመጣ ነው። ወታደርን «መለዮ ለባሽ» የምንለውም ስለዚህ ነው፤ ሰውየው ገና ሳይናገር ልብሱ ማንነቱን ይለያል።

ቢሆንም ናዚን ማስታወስ ሌላ፣ ናዚ መሆን ሌላ። «የናዚ ልብስ የለበሱ» ካሉ ስህተት ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ናዚ የሚባል ነገር የለም። «ናዚ መሰል መለዮ» ይበሉ። አንዳንዶች «ናዚ ቀመስ» ሲሉ እሰማለሁ። «መሰል» የውጭ መልክን ይናገራል። «ቀመስ» ግን «ትምህርት ቀመስ»፣ «ከተማ ቀመስ» እንደምንለው ነው፤ ነገሩ ትንሽም ቢሆን ወደ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው። ለልብስ «መሰል» ይሻላል። ወታደሮቹ ስለሚያገለግሉት ክፉ መንግሥት፣ ስለ ኢምፓየሩ፣ አገዛዝ የሚጽፉ ከሆነ «ቀመስ» ያምርበታል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ እንዲሆን ብለው «ጥቁር ሸሚዝ» እንዳይሏቸው። ጥቁር ሸሚዝ የሙሶሊኒ ሰው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ላይ ሰው ከጨፈጨፉት፣ ቤት ካቃጠሉት መካከል ነው። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ይህን ስም ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ዛሬም ስጽፈው ያ ድምፅ ይሰማኛል። የእውነተኛ ገዳይ ስም ነውና ለልጆች ፊልም ገጸ ባሕርይ አላውሰውም። በዚያ ላይ ናዚና ፋሺስት ይምታታሉ፤ ቡናማው የጀርመን፣ ጥቁሩ የጣሊያን ነው።

አማርኛ የጀርመኑን ጥላ በደንብ የሚይዝበት ቦታም አለ። በኋለኞቹ ፊልሞች የኢምፓየሩ ገዥ ፓልፓቲን ንጉሠ ነገሥት ከመሆኑ በፊት «ቻንስለር» ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የሚሰጡት የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው፤ ያንን ሥልጣን ሳይመልስ ዘውድ ይደፋል። ሂትለርም እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1933 ቻንስለር ሆነ፤ በመጋቢት ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን አሳልፎ ሰጠው። እኛ የጀርመንን ቻንስለር «መራሔ መንግሥት» ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ስለዚህ ፓልፓቲንን «ሊቀ መንበር» ወይም «ጠቅላይ ሚኒስትር» አይበሉት። «መራሔ መንግሥት ፓልፓቲን» ብለው ይጻፉ፤ የእህትዎ ልጆች አድገው ስለ 1933 ሲያነቡ ያንኑ ቃል ያገኙታል።