«ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ ስፖንሰር በገንዘብ ይገዛል?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 34 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ማስተርስ አለኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ማዕከል በሥራ አስኪያጅነት ስመራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። 42 አረጋውያንና 19 ሠራተኞች አሉን። ባለቤቴ ካዛንቺስ የነበረው የልብስ ስፌት ሱቁ በመልሶ ማልማቱ ከተነሣ ወዲህ ቋሚ ገቢ የለውም። የአምስት ዓመት ልጅ አለችን። እንግሊዝ አገር ሄጄ በሙያዬ ለመሥራት ወስኛለሁ። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ የከፈተ አንድ ሰው «የኬር ማናጀር ስፖንሰርሺፕ አለኝ» ብሎ 850 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ባለቤቴ ለቪትዟ ገዢ አግኝቷል። የሥራ ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል? ሥራዬንስ ከወዲሁ ልልቀቅ?

ም. ነኝ፣ ከቀበና

መልስ

እህቴ፣ መኪናዋን አትሽጡ። ዓርብ ይምጣና ይለፍ። ሌላውን ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ።

እኔ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ ባለ ኬር ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ ማዕከል፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። ሰው ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከቀጣሪው ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ።

ስፖንሰርሺፕ ዕቃ አይደለም። አንድ ድርጅት መጀመሪያ ከሆም ኦፊስ፣ ከእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ የሚፈልገውን ሰው አወዳድሮ ይመርጣል። ለመረጠው ሰው በኮምፒውተር ሲ ኦ ኤስ የሚባል የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ይመድብለታል። ሲ ኦ ኤስ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይደለም፣ ቁጥር ነው። የሥራው ስም፣ ባለ አራት አሃዝ የሥራ ኮድ፣ ደመወዝና የሥራ ሰዓት አብረውት ይመዘገባሉ። ለዚህ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፣ ክፍያው 525 ፓውንድ ነበር (እ.ኤ.አ. በ2025)። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ሌላ ክፍያ አለበት። ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መቀበል የተከለከለ ነው። እና ሰውየው 850 ሺህ ብር የሚጠይቅሽ ለምንድነው? ቀጣሪው ሊያስከፍልሽ የማይችለውን ነገር እሱ በምን ሥልጣኑ ይሸጥልሻል?

ደብዳቤውን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ከላይ «ኬር ማናጀር» ይላል። ወረድ ብሎ የሥራ ዝርዝሩ ሲመጣ ግን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ አልጋ ማንጠፍ ነው። እኔ ራሴ እንግሊዝ አገር የጀመርኩት በዚያ ሥራ ስለሆነ ክብሩን አውቃለሁ። የማናጀር ሥራ ግን አይደለም። የሠራተኛ ፕሮግራም የለበትም፣ የመድኃኒት አያያዝ ቁጥጥር የለበትም፣ በጀት የለበትም። ሳምንታዊ ሰዓቱ አልተጻፈም። የኢሜይል አድራሻው ደግሞ የድርጅት ሳይሆን ማንም ሰው በሁለት ደቂቃ የሚከፍተው ጂሜይል ነው።

ስሙ ለምን «ማናጀር» እንደተባለ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ተንከባካቢዎችንና ከፍተኛ ተንከባካቢዎችን ከውጭ አገር በአዲስ ቪዛ ማስገባት አቁማለች። በዚያ በር የሚገባ የለም። በሩ ሲዘጋ ደላሎቹ ሥራቸውን አልተዉም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ቀየሩት። በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የላከችልኝ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ሆም ኦፊስ ደግሞ ስሙንና ሥራውን ያስተያያል። ሳይጣጣሙ ቀርተው ቪዛው ቢከለከል ገንዘብሽን የሚመልስልሽ ሰው አይኖርም።

የአክስቴን ልጅ ታሪክ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በ2015 ዓ.ም. ተንከባካቢ ሆና ለመሄድ ለደላላ 480 ሺህ ብር ከፈለች። ቪዛው እውነተኛ ነበር፣ ገባች። ሥራ ግን አልነበረም። የቀጠራት ድርጅት በሳምንት ስምንት ሰዓት ሰጣት፣ ቀጥሎ እሱንም ተወው። አድራሻውን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ። የዶሮ ጥብስ የሚሸጥበት ቤት ፎቅ ላይ አንዲት የተቆለፈች ክፍል አገኘሁ። በሩ ሥር የተጠራቀመ ፖስታ ነበር። በወራት ውስጥ የድርጅቱ ፈቃድ ተነጠቀ። በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ፈልጊ፣ ካልሆነ አገሩን ለቅቀሽ ውጪ የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ልጅቷ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ደብዳቤ ስታነብ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 እስከ ታኅሣሥ 2024 ባለው ጊዜ በእንክብካቤ ዘርፍ ከ470 በላይ ፈቃዶች ተሰርዘዋል። ከነዚያ ድርጅቶች ጋር የተያያዙት ሠራተኞች ከ39 ሺህ በላይ ነበሩ።

ያኔ ሳይከፈል በፊት ማየት የነበረብን ሦስት መዝገቦች አሉ። ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ከቀበና ሆነሽ በስልክሽ ታያቸዋለሽ። አንደኛው የእንግሊዝ መንግሥት የሚያወጣው ፈቃድ ያላቸው ስፖንሰሮች ዝርዝር ነው። የድርጅቱ ስም እዚያ ከሌለ ጉዳዩ አለቀ። ሁለተኛው የኩባንያዎች መዝገብ፣ ካምፓኒስ ሃውስ ነው። ኩባንያው መቼ እንደተቋቋመና ሒሳብ አቅርቦ እንደሆነ ያሳያል። የአክስቴን ልጅ የወሰዳት ድርጅት ከተቋቋመ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ሦስተኛው ሲ ኪው ሲ የሚባለው የእንክብካቤ ተቆጣጣሪ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ኬር ሆም ሁሉ እዚያ የራሱ ገጽ አለው። የተመዘገበው ሥራ አስኪያጅ ስም፣ የመጨረሻው ምርመራና ደረጃው ተጽፎበታል። ስልክ ቁጥሩን ደላላው ከሰጠሽ ሳይሆን ከዚያ ገጽ ወስደሽ ደውዪ። «ይህን የሥራ መደብ አውጥታችኋል?» በይ። የሚያስፈልገው የአምስት ደቂቃ የካርድ ሒሳብ ነው።

አንቺ በየትኛው በር ትገቢያለሽ? እውነቱን ልንገርሽ፣ በኬር ሆም ሥራ አስኪያጅነት ቀጥታ ከውጭ የመጣ ሰው ብዙ አላየሁም። ምክንያቱም ኬር ሆሙ ብቻ ሳይሆን ሥራ አስኪያጁም በግሉ ሲ ኪው ሲ ዘንድ ይመዘገባል፣ ተጠያቂም ይሆናል። ባለቤቶቹ የአገሩን ሕግ በተግባር የሠራበት ሰው ይፈልጋሉ። አንቺ ግን ደላላው ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሀብት አለሽ፣ የሶሻል ወርክ ዲግሪሽ። ሶሻል ወርከር በዲግሪ ደረጃ የተመደበ ሙያ ነው፣ በሩ አልተዘጋም። ከስፖንሰሩ በፊት ግን ምዝገባ ይቀድማል። ለእንግሊዝ ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ፣ ለስኮትላንድ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ ደግሞ ሌሎች መዝጋቢዎች አሉ። ሳይመዘገቡ ራስን ሶሻል ወርከር ብሎ መጥራት እንኳ እዚያ በሕግ ያስጠይቃል። የተማርሻቸውን ኮርሶች ዝርዝርና የተግባር ልምምድሽን ማስረጃ ይጠይቁሻል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከቤትሽ ስትወጪ ወደ ስታዲየም አትውረጂ። ወደ ስድስት ኪሎ ሬጅስትራር ሂጂና የኮርስ ይዘቱን ጠይቂ። ቀጣሪዎቹ በአብዛኛው ካውንስሎች፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ናቸው፣ ማስታወቂያውን በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። አንዱ ማስታወቂያ ስፖንሰር አናደርግም ይላል፣ ሌላው እናደርጋለን ይላል። ማንበብና መጻፍ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ልጅሽ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልቤን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ተንከባካቢ ሆነው ይገቡ የነበሩ ሰዎች በሩ ሳይዘጋም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 11 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ባልና ልጅ ይዘው መግባት ተከልክለው ነበር። በሶሻል ወርከርነት ስትገቢ ግን ቤተሰብሽ አብሮሽ ማመልከት ይችላል። ያ ሰውዬ ይህን ነግሮሽ ነበር?

አሁን ቃለ መጠይቁ። ብዙ አበሻ እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ እንግሊዝኛ አንሶት ሳይሆን። እኛ አንድ ጥያቄ አንተውም ነበር። «አንዲት ሠራተኛ መጥታ አንድ አዛውንት እጅ አንጓ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ብልዘት አየሁ ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የእኛ ሰው ምን ይላል? «ሠራተኞቹን ሰብስቤ አነጋግራለሁ፣ ቤተሰብ እጠራለሁ፣ አስማማለሁ።» በአገራችን ጥሩ ኃላፊ እንዲህ ነው። ነገር በሽምግልና ያልቃል፣ የማንም እንጀራ አይዘጋም። ጠያቂዎቹ ግን እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። እዚያ መጀመሪያ አዛውንቱ ከአደጋ መራቃቸው ይረጋገጣል። ሐኪም ያስፈልጋቸው እንደሆን ይታያል። ያየሽውንና የሰማሽውን በሰዓቱ በራሳቸው ቃል ትጽፊያለሽ። ከዚያ ለካውንስሉ የሴፍጋርዲንግ ክፍል፣ ሰዎችን ከጥቃት ለሚጠብቀው፣ ታሳውቂያለሽ፣ ለሲ ኪው ሲም እንዲሁ። ወንጀል ከመሰለ ፖሊስ ይጠራል። ራስሽ መርማሪ አትሆኚም። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ አንቀጽ 42 የማጣራቱን ግዴታ ለካውንስሉ ነው የሰጠው። እሱንና የ2005ቱን ሰዎች በራሳቸው የመወሰን ችሎታን የሚመለከት ሕግ አንብቢ። ከዚያ በራስሽ ማዕከል የደረሰ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዘሽ፣ ዛሬ ቢሆን እንዴት እንደምትይዢው ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። ባለቤትሽ ይጠይቅሽ።

ሲቪሽን «ታታሪና ታማኝ» በሚል አትጀምሪ። ለእኔ የጻፍሽልኝን ጻፊ። 42 አረጋውያን፣ 19 ሠራተኞች። የሌሊት ተረኛ ስትቀር ማን እንደሚተካ፣ መድኃኒት ማን እንደሚቆጥር፣ የወደቁ አዛውንቶች በዓመት ስንት እንደነበሩና ምን አድርገሽ ቁጥሩን እንደቀነስሽ። ያንን ያነበበ ቀጣሪ ሥራውን የምታውቂ መሆንሽን ያያል።

ወረቀቱን ባጭሩ ልበል። የቲቢ ምርመራ አዲስ አበባ በሚገኘው አይ ኦ ኤም፣ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ ነው፣ የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ስለሆነ አስቀድመሽ አትሩጪ። ከወንጀል ነጻ ለመሆንሽ ከፌዴራል ፖሊስ የአሻራ ማስረጃ ታወጫለሽ። የቪዛው የእንግሊዝኛ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 8 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ቢ 2 ከፍ ብሏል። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል 5.5 ማለት ነው፣ መዝጋቢው ደግሞ የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል። የጤናና እንክብካቤ ቪዛ እስከ ሦስት ዓመት 304 ፓውንድ ነበር (እ.ኤ.አ. በ2025)፣ የጤና መዋጮው ይቀርልሻል። ሲ ኦ ኤስ ከተመደበልሽ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት አለብሽ። እነዚህ የራስሽ ወጪዎች ናቸው፣ ደረሰኝም አላቸው። መካከል ላይ ኤጀንሲ ነኝ የሚል ሰው ከገባ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የወጣ ፈቃዱን አሳየኝ በይው።

ሥራሽን አትልቀቂ። የሚቀጥርሽ ሰው ማጣቀሻ የሚጠይቀው የአሁኑን አለቃሽን ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰውና ቤት የተቀመጠ ሰው እኩል አይታዩም። ምዝገባው ብቻውን ወራት ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ደሞዝሽ ያስፈልግሻል።

ለሰውየው ዛሬ ማታ አንድ መልእክት ላኪለት። «የድርጅቱን ሕጋዊ ስም፣ የስፖንሰር ፈቃዱን ቁጥርና የሥራ ኮዱን ላክልኝ፣ አጣርቼ እመልስልሃለሁ» በይው። የሚልክልሽ ነገር ካለ ለእኔም አስተላልፊልኝ፣ ሦስቱን መዝገቦች አብረን እናያለን። ሲቪሽንም አያይዢው፣ እርሳስ ይዤ አነበዋለሁ።