የአንባብያን ጥያቄዎች፦ «12 አመጣች፤ እንሸኛት?»

ጥያቄ፦ የእናቶች ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ከወለዱ 6 ሳምንት የሞላቸውን እናቶች የኤድንበራውን የድኅረ ወሊድ ድባቴ መጠይቅ እናስሞላለን። 13 እና ከዚያ በላይ ያመጣችውን ወደ ሐኪም እንልካለን። በቅርቡ አንዲት እናት 12 አመጣች፤ ፊቷ ግን ደህና አይመስልም ነበር። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ እንዲህ ያለችውን እናት አይሸኟት። 13 የሚለው መነሻ፣ ማለትም ወደ ሐኪም መላክ የሚጀመርበት ቁጥር፣ ከመጠን በላይ ጥብቅ ነው። በ2020 የ58 ጥናቶች መረጃ፣ ማለትም ከ15,000 በላይ ሴቶች የሞሉት መጠይቅ፣ አንድ ላይ ተመርምሮ ነበር። መነሻው 13 ሲሆን ከባድ ድባቴ ካለባቸው 100 ሴቶች የሚያዙት 66 ያህል ብቻ ናቸው፤ 34ቱ ሳይታወቅላቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ። 11 ሲሆን የሚያዙት 81 ይደርሳሉ። በአንጻሩ ድባቴ ከሌለባቸው 100 ሴቶች በ13 መነሻ 5 ያህሉ፣ በ11 ደግሞ 12 ያህሉ ሳያስፈልጋቸው ለምርመራ ይላካሉ። እኛ 11ን እንመርጣለን። ደህና ከሆነች እናት ጋር ጥቂት መነጋገር ማንንም አይጎዳም።

ከዚያ በፊት ግን ድምሩን ደግመው ይዩት። መጠይቁ 10 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ጥያቄዎች ከላይ ወደ ታች 0፣ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ይቆጠራሉ። የቀሩት ሰባቱ ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፤ የላይኛው መልስ 3፣ የታችኛው 0 ነው። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ የቆጠረ ሰው፣ ሰባቱም ላይ የከፋውን መልስ የመረጠችውን ሴት ዜሮ ይሰጣታል፤ ምንም ያልሆነችውን 21 ያሸክማታል። በሥራ ብዛት መካከል ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል።

10ኛውን ጥያቄ ከድምሩ አስቀድመው ይመልከቱ። ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው እሱ ነው። «በጭራሽ» ከሚለው ውጭ ማንኛውንም መልስ ከመረጠች፣ ድምሯ 4ም ቢሆን በዚያው ቀን ብቻዋን ያነጋግሯት፦ ሐሳቡ መቼ መቼ ይመጣል? እንዴት እንደምታደርገው አስባ ታውቃለች? አሁንስ አብሯት ማን አለ? በግልጽ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይፈጥርም።

7ኛው ጥያቄም ያሳስታል። የሚጠይቀው ከሐዘን የተነሣ እንቅልፍ ስለማጣት ነው፤ ሕፃኑ እየቀሰቀሳት የተቸገረች እናት ግን ያንን አስባ ትሞላዋለች። «ሕፃኑ ተኝቶ፣ ሌላ ሰውም ይዞልሽ፣ ያኔስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብለው ይለዩት። ባል ወይም አማት አጠገቧ ተቀምጠው የሞላችውን ወረቀት አይመኑት። ማንበብ የማትችል ከሆነ ጥያቄውን ከአራቱም መልሶች ጋር ያንብቡላት፤ የሚጠየቀው ስላለፉት 7 ቀናት መሆኑንም ያስታውሷት።

12 ላመጣችው እናት፦ የምግብ ፍላጎቷን፣ ደስታ የሚሰጣት ነገር መኖሩን፣ ቀድሞ ድባቴ ይዟት ያውቅ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ጥቃት ይደርስባት እንደሆነ ይጠይቁ። ደም ማነስና የታይሮይድ መዛባት ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ይመርመሩ። መጠይቁን ከ2 ሳምንት በኋላ ያስደግሟት። መጠይቁ ልየታ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከወለደች 5 ቀኗ ነው። እየሳቀች ድንገት ታለቅሳለች። ድባቴ ነው?

መልስ፦ ምናልባት አይደለም። ከወለዱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን አካባቢ የሚጀምር ሆደ ባሻነት በአብዛኞቹ እናቶች ላይ ይታያል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይለቃል። ሌሊት ሕፃኑን ተቀብለው ያስተኟት። ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ትታይ።

ፈጽሞ መጠበቅ የሌለበት ሁኔታም አለ። ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ድካም ካልተሰማት፣ ንግግሯ ከፈጠነና ከተዘበራረቀ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች ወይም ቤተሰቡን ከተጠራጠረች፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ይህ የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ነው፤ ከ1,000 እናቶች 1 ወይም 2ቱን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይከሰታል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊብስ ይችላል። ሆስፒታል እስክትደርስ እሷንም ሕፃኑንም ብቻቸውን አትተዉ። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለባት ሴት ለዚህ በእጅጉ ተጋላጭ ናት፤ ዕቅዱ ከመውለዷ በፊት ከሐኪሟ ጋር መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ በምንሠራበት ጣቢያ የሥነ አእምሮ ባለሙያ የለም። ለይተን የት እንልካቸዋለን?

መልስ፦ ፓኪስታን ገጠር ውስጥ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት አለ። ድባቴ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ቤት ለቤት የሚጎበኙ የጤና ሠራተኞች ሐሳብንና ድርጊትን በማስተካከል ላይ የተመሠረተ የምክክር ዘዴ ሠለጠኑ። ሕፃናቱ 6 ወር ሲሞላቸው፣ ከእነዚህ እናቶች 23 በመቶው ድባቴ ነበረባቸው፤ በንጽጽሩ ቡድን ግን 53 በመቶው። የንጽጽሩ ቡድንም እኩል ጊዜ ተጎብኝቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው ሥልጠናው ነው። ስለዚህ ልየታውን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሠራተኞችን አሠልጥኑ፤ በስልክ የሚያማክራችሁ አንድ ሐኪም ይኑራችሁ፤ 10ኛውን ጥያቄ «አዎ» ላለች እናት በዚያው ሰዓት ማን እንደሚጠራም በጽሑፍ አስፍራችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት።