«ሴራሚክ» ሲባል የትኛው ነው?

አንዲት የባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነዋሪ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ለበረንዳዬ ሴራሚክ ገዛሁ። ሊያነጥፍ የመጣው ባለሙያ ግን ‹ይሄ ሴራሚክ ነው፣ ለበረንዳ የሚሆነው ፖርስሊን ነው› ብሎ ሥራውን አቆመ። ባለሱቁ ደግሞ ሁሉም ታይልስ ነው ይለኛል። ማንን ልመን?»

እህቴ፣ ባለሙያሽን እመኚ። ባለሱቁም ግን አልዋሸም። ያምታታሽ ስሙ ነው።

«ሴራሚክ» ከግሪኩ «ኬራሞስ» የመጣ ነው፤ የሸክላ ጭቃ ማለት ነው። ስለዚህ በእሳት የተተኮሰ ጭቃ ሁሉ ሴራሚክ ነው። ጀበናሽም፣ ፖርስሊኑም። ባለሙያሽ ግን «ሴራሚክ» ያለው ውሃ የሚጠጣውን ዓይነት ነው። «ታይል» ደግሞ ከላቲኑ «ቴጉላ» ነው፤ መሸፈን ከሚል ግሥ የወጣ፣ የጣሪያ ክዳን ስም። ጣሊያኖች ዛሬም የጣሪያውን «ቴጎላ»፣ የወለሉን «ፒያስትሬላ» ይላሉ። እኛ ማልታውን (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቁን)፣ ቦያካውን (በውሃ የቀጠነውን ሲሚንቶ)፣ ዞኮሎውን (የግድግዳ ግርጌውን ጠርዝ) ከነሱ ወስደን «ፒያስትሬላ»ን መተዋችን ሁሌ ይገርመኛል። የራሳችን «ሸክላ» ማ ከማሰሮ እስከ ድሮ ዘፈን ይደርሳል!

አንቺን የሚጠቅምሽ «ፖርስሊን» ነው። ከጣሊያንኛው «ፖርቼላና» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዛጎል ነው። ዛጎል ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ፖርስሊን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። የኛ ክረምት ደግሞ በረንዳን ለወራት ያርሳል። ውሃ የጠጣ ሴራሚክ ቀስ እያለ ያብጣል። የላዩ ልባስ አብሮት ስለማያብጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል።

የገዛሽውን ገልብጪና ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጊ። በደቂቃ ውስጥ ከመጠጠው የግድግዳ ነው። አትጣይው፣ ለኩሽናሽ ግድግዳ ቆንጆ ነው። ጠብታው እንዳለ ከቆየ ፖርስሊን ነው።

ፖርስሊን ስትገዪ ፊቱ ሻካራ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው በዝናብ ያንሸራትታል። በተራ ቦያካ ብቻ እንዳይለጠፍ አደራ። ውሃ ስለማይጠጣ ሲሚንቶው አይነክሰውም። ሐይቁ ዳር አንድ ቤት እንዲህ የተለጠፈ ወለል በእጄ ብድግ እያደረግሁ አንስቻለሁ። በከረጢት የሚሸጠውን የታይልስ ማጣበቂያ ይጠቀም። ከማንጠፉ በፊት ደግሞ ውሃው እንዲወርድ ተዳፋት አስይዢው፦ በየሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።