መጀመሪያ አፈሩን ጠይቁ

ልጆቼ፣ የተቀበረ ቅርስን ሳይቆፍሩ መፈለግ ለምትማሩ ሁሉ።

ማግኔቶሜትር፣ ማለትም የምድርን ማግኔታዊ መስክ የሚለካ መሣሪያ፣ ተሸክሜ ሜዳ ስመላለስ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ብዙ ወጣቶች መሣሪያው ግንብ የሚያይ ይመስላቸዋል። መሣሪያ የሚለካው ልዩነትን ነው። የተቀበረው ነገር በዙሪያው ካለው አፈር ካልተለየ፣ ከእግራችሁ ሥር ከተማ ቢኖርም ሥዕሉ ባዶ ይወጣል።

እቶንን ተመልከቱ። በሸክላው ውስጥ ያለው ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የያዘውን ማግኔትነት ይለቃል፤ ሲቀዘቅዝ በዚያች ሰዓት የነበረውን የምድርን ማግኔታዊ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። እሳቱ ከጠፋ ሺህ ዓመት ቢያልፍም ምልክቱ አይጠፋም። የፊዚክስ ሊቁ ማርቲን አይትከን እ.ኤ.አ. በ1958 እንግሊዝ ውስጥ ዋተር ኒውተን ላይ የሮማውያንን የሸክላ እቶኖች ያገኘው በዚህ ነው። በአፈር የተሞላ ቦይ ግን ሌላ ነው፤ የምድር መስክ ወደ 50,000 ናኖቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) በሆነበት ቦታ እሱ የሚጨምረው ጥቂት ናኖቴስላ ነው።

ለዚያች ጥቂት ስትሉ ብረት ከላያችሁ አውልቁ። በወጣትነቴ የቀኑን ሥራ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው፣ ወደ ሰሜን የሄድኩባቸው መስመሮች ጠቆር፣ የተመለስኩባቸው ነጣ ብለው ሥዕሉ ዥንጉርጉር ሆኖ አገኘሁት። የቀበቶዬ ዘለበት ነበር። የየመስመሩን አማካይ ዜሮ አድርጌ አስተካከልኩት፤ ሥዕሉ አማረ፣ እኔም ደስ አለኝ። በኋላ ቁፋሮ ሲጀመር፣ ልክ በመስመሮቼ አቅጣጫ የተዘረጋ ረጅም ቦይ ወጣ። ቦዩ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ ስለነበር አማካዩን ዜሮ ሳደርግ ከዥንጉርጉሩ ጋር ጠርጌ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጥሬውን መረጃ ሳልነካ አስቀምጣለሁ፤ መስመሮቼንም ይኖራል ብዬ ከምጠብቀው ግንብ ጋር ትይዩ አልዘረጋም።

የኤሌክትሪክ ልኬት የእርጥበት ነገር ነው። የድንጋይ መሠረት ኤሌክትሪክን ይከለክላል፣ እርጥብ ቦይ ያሳልፋል፤ ወቅቱ ሲለወጥ ያው ግንብ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ስለዚህ የዝናቡን ቀን ከልኬቱ ጎን መዝግቡ። የራዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ ነጸብራቁን የሚቀበለው ራዳር ደረቅ አሸዋ ይወዳል፣ እርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ ግን ቶሎ ይዳከማል። ጣሊያን ውስጥ ፋለሪ ኖቪ የተባለችው የሮማውያን ከተማ፣ ቤተ መቅደሷና ገበያዋ ሳይቀር፣ ያለ ቁፋሮ በራዳር ተነሥታ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። ይህ በየመሬቱ ይደገማል ብላችሁ ግን ለማንም ቃል አትግቡ።

በተለይ መቃብር ላይ ተጠንቀቁ። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከዚያው በወጣው አፈር ስለሆነ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። ሪፖርት ላይ «ምንም የለም» ብላችሁ አትፈርሙ። «በዚህ መሣሪያ፣ በዚህ ወቅት፣ በግማሽ ሜትር የመስመር ርቀት የታየ የለም» በሉ። ያንን ወረቀት ይዞ ቡልዶዘር የሚያስገባ ሰው አለ።