ለገጠር ምሽት፣ ቴሌስኮፕ

ጥያቄ፦ ደቡብ ወሎ ገጠር ውስጥ መምህር ነኝ። የትኩረት ርዝመቱ (ከመስተዋቱ እስከ ምስሉ የሚሰበሰብበት ነጥብ) 1200 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 6 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (በመስተዋት የሚሠራ፣ ቀላል መቆሚያ ላይ በእጅ የሚዞር) ተውሰን ለቀበሌው ሰው አንድ ምሽት ሰማይ ልናሳይ ነው። የትኛውን ቀን እንምረጥ? ሰልፉንስ እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ ሙሉ ጨረቃን ተዉት። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የለም፤ ጉድጓዶቿ አይለዩም፣ ከዋክብቱንም ታደበዝዛለች። አዲስ ጨረቃ በታየች በሳምንቷ፣ ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃንና ጨለማ የሚለያዩበት ድንበር ላይ ያሉት ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደመናው ያንሳል።

ኮረኮንች መንገድ መስተዋቱን ያናጋዋል። ስትደርሱ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥራችሁ ምስሉን ሆን ብላችሁ አደብዝዙት፤ ቀለበቶቹ ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ የመስተዋቱን ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ። ቱቦውን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ደጅ አውጡት፤ የሞቀ መስተዋት ምስሉን ያርገበግበዋል።

ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ 48 እጥፍ ያጎላል፤ ሳተርን ሰማይ ላይ ካለ ቀለበቱን ለማሳየት ይበቃል። ባለ 10ሩ 120 እጥፍ ስለሚያጎላ ያጓጓል፣ ግን ፕላኔቱ ቶሎ ያመልጣል፣ ሰልፉም ይቆማል። በ25ቱም ቢሆን ፕላኔቱ ከእይታው መሐል ተንሸራቶ ጠርዝ ለመድረስ 2 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ በየሦስት አራት ሰው መልሳችሁ አነጣጥሩ። ልጆች ቱቦውን መጨበጥ ይወዳሉ፤ «እጅ ወደ ኋላ!» በሉ፣ በርጩማም አዘጋጁ። የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ቀን ቀን ክዳኑ አይከፈት፤ በቱቦው ፀሐይን ያየ ዓይኑን ያጣል።