ክፍቱን የቀረ የውኃ ጉድጓድ፦ «ዝጋው» የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ከአጥራችን ጀርባ ቀድሞ ብሎኬት ማምረቻ የነበረ ግቢ አለ። ማምረቻው ሲነሳ የጥልቅ ጉድጓዱን ፓምፕ ነቅሎ ሄደ፤ ሰፊው የብረት ቱቦ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። አሁን ግቢውን የተከራየው ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወደዚያው ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ እየጣሉ ውኃው ጋ እስኪደርስ ስንት እንደሚቆጥሩ ይወዳደራሉ። የግቢውን ባለቤት ስጠይቃቸው «የቆፈረው ይዝጋው» አሉኝ። ጋራዡ «ተከራይ ነኝ» አለ። ወረዳ ሄጄ ባመለክት «እርስዎ ምን ጥቅም ተነካብዎት?» ተባልኩ። ባለቤቴ ሾፌር ሆኖ በሶማሌ ክልል ወዳለው የካሉብ ጋዝ ጉድጓድ ሥፍራ ሲመላለስ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሳይታሸግ አይተውም ሲባል ሰምቷል። ለውኃ ጉድጓድስ ሕግ የለም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሕጉ በፊት ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ነገር አለ። የግቢው ባለቤትና ጋራዡ በብሎን የሚታሰርና የሚቆለፍ ወፍራም የብረት ክዳን እንዲያደርጉበት በምስክሮች ፊት ይጠይቋቸው። ብየዳ ግን አይታሰብ፤ ዘይት የተደፋበት ቱቦ ውስጥ የታመቀ ትነት ሊኖር ስለሚችል እሳት አይቀርበውም። ልጆቹንም ያርቁ። በጥር 2014 ዓ.ም ሞሮኮ ውስጥ የ5 ዓመት ሕፃን 32 ሜትር ወደሚወርድ ጠባብ ጉድጓድ ወድቆ፣ ተራራ ተቆፍሮ ከአራት ቀን በኋላ ቢወጣም ሕይወቱ አልተረፈም። ይህን የማነሳው ላስፈራዎት ብዬ አይደለም፤ የእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ልጆች ሳስብ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

ባለቤትዎ የሰሙት ትክክል ነው። ነዳጅ ወይም ጋዝ የተፈለገበት ጉድጓድ ሲተው በተለያየ ጥልቀት ላይ የሲሚንቶ መድፈኛ ይደረግበታል፣ መድፈኛው መቋቋሙ ይፈተሻል፣ የብረት ቱቦው ከመሬት በታች ተቆርጦ ይከደናል። ምክንያቱም ከሥር ያለው ጋዝና ጨዋማ ውኃ በግፊት ወደ ላይ ይወጣል። የነዳጅ ሥራ በአገራችን የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 295/1978 ነው። እርስዎ ደጅ ያለውን ጉድጓድ ግን አይመለከትም። የውኃ ጉድጓድ አደጋው በተቃራኒው ነው፤ ከላይ ያለው ቆሻሻ ወደ ታች ይወርዳል። የአቃቂ መሬት ደግሞ የተሰነጣጠቀ ባዛልትና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው ውኃ ትልቅ ድርሻ የሚወጣውም በአቃቂ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። አፈሩ ሊያጣራው ይችል የነበረ ዘይት በዚያ ቱቦ በኩል ያለ ምንም ማጣሪያ ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ይገባል።

ወረዳው የጠየቀዎት ጥያቄ ከባዶ የመጣ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ከሳሽ በክሱ ጉዳይ ላይ ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል። ለእርስዎ ጉዳይ ግን መልሱ ሌላ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። «ሊያደርስ በሚችል» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ፤ ሰው እስኪወድቅ ወይም እስኪታመም መጠበቅ የለብዎትም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። የ60 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ቀን ነው። ስለዚህ አቤቱታውን በቃል አያቅርቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የሚያቀርቡት ለአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ግቢው ከወሰኑ ማዶ ከሆነ ግን ለኦሮሚያው መሥሪያ ቤት ነውና ይህን አስቀድመው ያረጋግጡ።

«የቆፈረው ይዝጋው» ለሚሉት ባለቤት መልስ አለ። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 3 የበከለ ሰው ብክለቱን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል፤ ይህ መጀመሪያ የሚይዘው ጋራዡን ነው። ባለይዞታው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 መሠረት በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን ከመጉዳት መቆጠብ አለበት። ቆፋሪውን በተመለከተ፣ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የሚቆፈረውን ጉድጓድ ነፃ ቢያደርግም ለሌላው የውኃ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ወጥቶ ከነበረ የማን ስም እንዳለበት ይጠየቅ። በእኔ እምነት ሦስቱንም በአቤቱታዎ ላይ መጥቀስ ይሻላል፤ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል እርስ በርሳቸው ይከራከሩበት።

ጉዳት ከደረሰ መንገዱ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 የመሬትን ተፈጥሯዊ መልክ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ሲሆኑ ደግሞ በአንቀጽ 2155 በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ማለትም ሙሉውን ካሳ ከሁሉም ሆነ ከአንዳቸው መጠየቅ ይቻላል። ይርጋው፣ ማለትም ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ብቻ ነው። በሽምግልና ሲንገላቱ ቆይተው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ላይ ቢሮዬ የመጡ እናት አሉ፤ እሳቸውን መርዳት አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት፦ ጎረቤት ተሰብስቦ ጉድጓዱን በፍርስራሽና በአፈር እንዳይሞላው። ድንጋዩ መሃል ላይ ይታገትና ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ቆሻሻውም መውረዱን ይቀጥላል። ባለሙያ በመጀመሪያ ጥልቀቱን ይለካል፣ የተበከለውን ውኃ ያስወጣል፣ ውኃ በሚሰጠው ክፍል ንጹሕ ጠጠር ይጨምራል፣ ከዚያ በላይ ያለውን በቀጭን ቱቦ ከታች ወደ ላይ በሲሚንቶ ወይም ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ ይሞላል።

በአቤቱታው ላይ ቀን ያለበትን ፎቶግራፍና የሁለት ምስክሮችን ስም ያያይዙ። የዳኝነቱን ጥያቄ እንዲህ ይጻፉት፦ «ወደ ጉድጓዱ ዘይት መድፋት ዛሬውኑ እንዲቆም፣ አፉ በክዳን እንዲቆለፍ፣ ከአካባቢው ጉድጓዶች የውኃ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር፣ ጉድጓዱም በተጠሪዎች ወጪ በባለሙያ እንዲታሸግና ለመታሸጉ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲሰጠን ትእዛዝ ይሰጥልኝ።»